የጥንት ግንብ ስለሚጠገንበት ጽኑ ጡብ

በመካነ ሰላም ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ የምናገረው ስለ ጡብ ነው። ምናልባት ከመካከላችሁ «ስለ እርሻ ወይም ስለ ሕፃናት ትምህርት ይነግረናል ብለን መጥተን ሳለ፥ ይህ ሰው ስለ ጭቃ ሊያወራልን ነውን?» ብሎ በልቡ የሚታዘበኝ ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን ነገሩን እስከ መጨረሻው ብታደምጡልኝ፥ ከአባቶቻችን የተቀበልነው ግንብ ለልጆቻችን መተላለፉና አለመተላለፉ በዚሁ በተናቀው ጭቃ ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ትረዱታላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ዘመናቱን የምቈጥረው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው፤ በእኛ አቈጣጠር የምጠራው ሲኖር ለይቼ እናገራለሁ።

ይህች የምንኖርባት ደጋ፥ ከቦረና እስከ ሳይንት ያለችው፥ በቀድሞ ዘመን ቤተ አምሐራ ይባል ከነበረው አገር ውስጥ ናት። ዐፄ በእደ ማርያም ከ1468 እስከ 1478 ሲነግሡ አትሮንሰ ማርያምን በዚሁ በአምሐራ ምድር አሠሩ፤ የቀደሙት ነገሥታት ዐፅምም ወደ እርስዋ ፈለሰ። መካነ ሥላሴንም ዐፄ ናዖድ ጀምረዋት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል ፈጸሙአት፤ ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የነበረው ፍራንሲስኮ አልቫሬስ የተባለ የፖርቱጋል ቄስ አይቶ ስለ እርስዋ ጽፎአል። እነዚህ ሁለቱ በ1531 በኢማም አሕመድ ዘመን በተደረገው ጦርነት ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ የነገሡት ዐፄ ገላውዴዎስ በሳይንት ተድባበ ማርያምን እንዳሠሩ በታሪክ ይነገራል። ከዚህ ወደ ሰሜን ያለችው የመቅደላ አምባም የዐፄ ቴዎድሮስ ምሽግ ሆና ሳለች በ1868 በእንግሊዝ ጦር ተይዛ ፈረሰች፤ ተቃጠለችም።

ጦርነትና እሳት ያጠፉትን ለመመለስ አይቻለንም። ዝናምና ምስጥ የሚያጠፉትን ግን በትጋት ልንከለክል እንችላለን። ከእነዚህም ሌላ አንድ ሦስተኛ ጠላት አለ፤ እርሱም ሳያውቁ በበጎ ፈቃድ የሚደረግ ጥገና ነው። ይህ ጠላት ገንዘብ አዋጥቶ፥ ድግስ ደግሶ፥ ምርቃት ተቀብሎ ስለሚመጣ ማንም አይጠረጥረውም። የዛሬው ንግግሬ ስለ እርሱ ነው።

ስለ ራሴ ጥፋት

አስቀድሜ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከብዙ ዓመት በፊት፥ ገና ወጣት መምህር ሳለሁ፥ ስሙን የማልጠራው አንድ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ግንቡ ከሥሩ እየተቦረቦረ ሄደ። ግንቡ ድንጋይ በጭቃ ሆኖ፥ ላዩ በኖራ የተመረገ ነበረ። ሕዝቡ ገንዘብ አዋጣ፤ እኔም ቈጠራና ጽሕፈት አውቃለሁ ተብዬ የኮሚቴው ጸሓፊ ሆንሁ። ሽማግሌዎቹ «እንደ ቀድሞው በድንጋይና በኖራ ይጠገን» ቢሉ፥ እኔ ግን «ይህ የድሮ ነገር ነው፤ ሲሚንቶ ሳለ ስለ ምን እንደክማለን?» ብዬ ተከራከርሁ። የተማረ ነው ተብሎ የእኔ ቃል ጸና። የፈረሰውን በብሎኬት ሞላነው፤ ከመሬት ጀምሮ እስከ ሰው ቁመት ድረስም ግንቡን ሁሉ በሲሚንቶ መረግነው። በተመረቀ ዕለት ያላመሰገነን ሰው አልነበረም።

ሁለት ክረምት አለፈ። በሦስተኛው ክረምት ከሲሚንቶው በላይ ያለው ግንብ ርጥበት እየጠጣ ጠቆረ። ከውስጥ በኩል ሥዕል የተሣለበት ምርጊት አብጦ እንደ ቅርፊት ይረግፍ ጀመረ። በአራተኛው ክረምት በአንዲት ሌሊት ማእዘኑ ተደረመሰ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም፤ ነገር ግን አያቶቻችን ያዩት ሥዕል ከጭቃው ጋር ፈሰሰ። የፈረሰው የቀድሞው ግንብ ሲሆን፥ የእኔ ሲሚንቶ ግን እንደ ቆመ ቀረ።

በማግሥቱ ወደ ገበያ የምታልፍ አንዲት አሮጊት ሸክላ ሠሪ ቆማ ፍርስራሹን በእጅዋ ዳሰሰችና «ልጄ፥ እንስራ ውሃን ስለ ምን ያቀዘቅዛል?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም «እናቴ፥ ላብ ስለሚያወጣ ነው» አልኋት። እርስዋም «ይህም ግንብ እንደ እንስራ ነበረ፤ እናንተ ላቡን ከለከላችሁት» አለችኝ። እኔ በብዙ መጻሕፍት ያላገኘሁትን ትምህርት ከዚያች ሴት በአንድ ቃል ተማርሁ።

ግንብ እንዴት ላብ ያወጣል?

ነገሩ እንዲህ ነው። በኩራዝ ውስጥ ያለው ጋዝ ክሩን ይዞ ወደ ላይ እንደሚወጣ፥ እንዲሁ የምድር ርጥበት በድንጋዩና በጭቃው ቀዳዳ እየተሳበ ወደ ግንቡ ይወጣል። የቀድሞ ሰዎች ግንቡን በጭቃና በኖራ ስለ ሠሩት፥ የወጣው ርጥበት በፀሐይና በነፋስ እየተነነ ይሄዳል። ሲሚንቶ ግን ርጥበቱን እንደ ልብ አያስተነፍስም። ስለዚህ ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፥ ወይም ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ የጭቃውንም ማያያዣ ያለሰልሰዋል። በተጨማሪም ውሃው የሟሟ ጨው ተሸክሞ ይሄዳልና፥ በሚደርቅበት ቦታ ጨዉን ይተወዋል። ጨዉም በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ እየጠጠረ ሲያድግ የድንጋዩን ፊት እየላጠ ይጥለዋል። በአሮጌ ግንብ ላይ የምታዩት ነጭ ዱቄት ይህ ነው።

ከዚህ የተነሣ «ጽኑ» የሚለውን ቃል ልንመረምረው ይገባናል። ለጥንት ግንብ ጥገና ጽኑ የሚባለው ከሁሉ የጠነከረው ጡብ አይደለም። ዝናሙንና ውርጩን ችሎ፥ ከአሮጌው ግንብ ጋር አብሮ ርጥበት እየጠጣና እየተነፈሰ፥ ከአሮጌው ይልቅ ግን ራሱ አስቀድሞ የሚያረጀው ነው። አዲሱ ቢያረጅ የልጅ ልጆቻችን አውጥተው ሌላ ይተኩበታል። አሮጌው ከጠፋ ግን የሚተካው የለም።

ይህ ነገር በእኛ መንደር ብቻ የደረሰ አይደለም። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 የቈረቈሩአት የጎንደር ከተማ ግንቦች በድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው። ኢጣልያኖች አገራችንን ይዘው በነበሩበት ዘመን ከ1936 እስከ 1941 ባደረጉት ጥገና በሲሚንቶና በብረት በተደገፈ ኮንክሪት ተጠቀሙ። ፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቦአል፤ ከዚያ ወዲህ የሚሠሩት ጠጋኞችም ያ የሲሚንቶ ጥገና ለግንቡ የማይስማማ መሆኑን አውቀው ወደ ኖራው ተመልሰዋል። እንግዲህ ሽማግሌዎቻችን «እንደ ቀድሞው ይሁን» ሲሉ ኋላ ቀር አልነበሩም፤ የጥበብን መንገድ ይዘው ነበር።

ጡብ ለአገራችን እንግዳ አይደለም

ጡብ በቅርብ ዘመን ከውጭ አገር የመጣልን የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። በአክሱም ከሐውልቶቹ አጠገብ «የጡብ ቅስቶች መቃብር» ተብሎ የሚጠራ ከመሬት በታች ያለ ሥራ አለ። ኔቪል ቺቲክ የተባለው የእንግሊዝ ሊቅ በ1974 ገደማ በቍፋሮ ያገኘው ነው፤ በ4ኛው መቶ ዓመት የተሠራ መሆኑም ታውቆአል። በውስጡ የፈረስ ኮቴ የመሰሉ ቅስቶች አሉ፤ እነርሱም በእሳት ከተተኰሰ ጡብና ከኖራ የተሠሩ ናቸው። ከ1,600 ዓመት በላይ ከምድር በታች ኖረው እስከ ዛሬ ቆመዋል። የአክሱም ሰዎች ታላላቅ ድንጋይ መጥረብ እያወቁ ለቅስቱ ጡብን የመረጡት፥ ትንሽና እኩል የሆነ ነገር ለመቈልመም ስለሚመች ነው።

በሌላም አገር የሆነውን ተመልከቱ። በራቪ ወንዝ የቀድሞ መሄጃ አጠገብ ሐራፓ የምትባል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2600 ዓመት ገደማ ያበበች ከተማ ነበረች። በ1850ዎቹ ዓመታት የባቡር ሐዲድ የሚሠሩ ሰዎች ፍርስራሽዋን አግኝተው፥ ጡቡን እያወጡ ከሐዲዱ በታች አነጠፉት። ከ4,000 ዓመት በኋላ እንኳ ባቡር የሚሸከም ጡብ ነበረ። ጥንታዊቱ ከተማ በዚህ ስለ ተበዘበዘች ነገሩ የሚያሳዝን ነው፤ ነገር ግን በሚገባ የተተኰሰ ሸክላ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ያስረዳናል።

በእኛ ደጋ አብዛኛው የጥንት ሥራ ድንጋይ ስለሆነ፥ የድንጋይ ግንብ በድንጋይ ይጠገን ብዬ አስቀድሜ እመክራለሁ። ጡብ የሚገባው ቀድሞ ጡብ በነበረበት፥ በበርና በመስኮት ላይ ባለ ቅስት፥ በወለልና በውሃ መውረጃ ቦይ ነው። የተፈጨ ጡብም፥ ወደ በኋላ እንደምናገረው፥ ለኖራ ታላቅ ረዳት ነው።

አፈሩን ስለ መምረጥ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። መምህራን ሆይ፥ ይህን ከተማሪዎቻችሁ ጋር በትምህርት ቤቱ ደጅ ልትፈትኑት ትችላላችሁ።

ጥቁሩ ዋልካ ለጡብ አይሆንም። በክረምት ያብጣል፥ በበጋ እግር እስኪገባበት ድረስ ይሰነጠቃል፤ ከእርሱ የተሠራም ጡብ እንዲሁ ይሰነጠቃል። አሸዋ የበዛበት አፈር ደግሞ አይያያዝም። የሚሻለው ሸክላ ሠሪዎች የሚቆፍሩትን አፈር ከቀይ አፈርና ከጥቂት አሸዋ ጋር ማስማማት ነው።

አንደኛው ፈተና በጠርሙስ ነው። የጠርሙሱን ሲሶ አፈር፥ የቀረውን ውሃ ሙሉና በብርቱ ናጡት፤ ከዚያም አንድ ቀን አስቀምጡት። አሸዋው ከታች፥ ደቃቁ አፈር ከመካከል፥ ሸክላው ከላይ ተነባብሮ ይታያል። ተማሪውም እያንዳንዱን በማስመሪያ ለክቶ ከጠቅላላው ምን ያህል እጅ እንደሆነ ያሰላል።

ሁለተኛው ፈተና በመዳፍ ነው። የረጠበውን አፈር እንደ እርሳስ ውፍረት ድቡልቡል አድርጋችሁ አርዝሙት፤ ከዚያም እንደ ቀለበት እጠፉት። ቶሎ ከተቈረጠ ሸክላው አንሶአል። ሳይሰነጠቅ እንደ ሰም ከታጠፈ፥ በእጅም ላይ ከተጣበቀ፥ ሸክላው በዝቶአልና አሸዋ ይጨመርበት።

ሦስተኛው ፈተና በመድረቅ ነው። 30 ሴንቲሜትር ርዝመት ባለው የእንጨት ቅርጽ ጭቃውን ሞልታችሁ በጥላ አድርቁት። ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ካጠረ አፈሩ እጅግ የሚኰማተር ነውና አሸዋ ጨምራችሁ እንደገና ፈትኑት።

ከአፈሩ ውስጥ ነጭ የኖራ ጠጠር እንዳይኖር ተጠንቀቁ። ይህ ጠጠር በእሳት ተቃጥሎ በጡቡ ውስጥ ይቀራል፤ በኋላ ርጥበት ባገኘ ጊዜ ያብጥና ጡቡን ይሰነጥቀዋል። በጠጠሩ ላይ ሎሚ ብትጨምቁበት አረፋ ካወጣ ኖራ መሆኑን ታውቃላችሁ።

ስለ መቅረጽና ስለ ማድረቅ

አፈሩ ተቆፍሮ፥ ድንጋዩና ሥሩ ተለቅሞ፥ በውሃ ርሶ ጥቂት ቀን ይደር። ከዚያም እንደ ቤት ጭቃ በእግር በሚገባ ይረገጥ። በጭቃው ውስጥ አየር ከቀረ በእሳት ጊዜ ጡቡን ይጐዳዋል።

የጡቡ መጠን በአሮጌው ሥራ ይወሰናል። አሮጌ ጡብ ካለ በእርሱ ልክ ይሁን። ከሌለ ግን የሐራፓ ሰዎች ያወጡት ልክ እጅግ መልካም ነው፤ ይኸውም ከፍታው 1 ቢሆን ስፋቱ 2፥ ርዝመቱ 4 ነው። ለምሳሌ 6 ሴንቲሜትር ከፍታ፥ 12 ስፋት፥ 24 ርዝመት ያለው ጡብ በአንድ እጅ ይያዛል፤ በማእዘንም እርስ በርሱ ይገጥማል። ነገር ግን ጭቃው ሲደርቅና ሲተኰስ ስለሚያጥር ቅርጹ ይህን ማሰብ አለበት። ከ100 እጅ 10 እጅ የሚያጥር አፈር ከሆነ፥ 24 ሴንቲሜትር ጡብ ለማግኘት የፎርማው ርዝመት 26 ሴንቲሜትር ከ7 ሚሊሜትር መሆን ይገባዋል። እነሆ፥ መምህራን፥ ለክፍልፋይ ትምህርት ከዚህ የሚሻል ምሳሌ ከየት ታገኛላችሁ?

ፎርማ የሚሉት የእንጨት ሣጥን በውሃ ይነከርና ደቃቅ አሸዋ ይነስነስበት። ጭቃው በኀይል ተወርውሮ ይግባ፤ ማእዘኖቹን ሳይሞላ እንዳይቀር። የወጣው ጡብ በጥላ ይደርድር፤ በየጥቂት ቀኑ ይገልበጥ፤ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይቆይ። ፀሐይ በአንድ ጊዜ ካገኘው ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይሆንና ይሰነጠቃል። በእኛ ደጋ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱን ውርጭ ይጥላል፤ ስለዚህ ማታ ማታ በጭድ ወይም በሣር ይሸፈን።

ስለ መተኰስ

ጡቡ በእሳት ካልበሰለ ጭቃ ነው፤ ዝናም ያፈርሰዋል። በመጀመሪያው ቀን እሳቱ ለስላሳ ይሁን፤ ምክንያቱም በጡቡ ውስጥ የቀረው ውሃ በ100 ዲግሪ እንፋሎት ሆኖ ይወጣል፤ ቢያጣድፉት ጡቡን ያፈነዳዋል። ከዚያ በኋላ እሳቱ እየበረታ ከ900 እስከ 1,000 ዲግሪ ሊደርስ ይገባዋል። መለኪያ የሌለው ሰው በቀለም ይወቀው። ፍሙ ጥቁር ቀይ ከሆነ ገና ነው፤ ወደ ብርቱካን ቀለም ሲደርስ ሸክላው እርስ በርሱ መጣበቅ ጀምሮአል። እሳቱ ካለቀ በኋላ እቶኑ ሳይከፈት ጥቂት ቀን ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ። በሞቀ ጡብ ላይ ነፋስ ከገባ ይሰነጠቃል።

እሳት ማገዶ ይፈልጋል። ለአንድ አሮጌ ግንብ ብለን ጥዱንና ወይራውን ብንጨርስ ሌላ ቅርስ ማጥፋታችን ነው። ስለዚህ በተተከለ ባሕር ዛፍ ብቻ እንጠቀም፤ የምንሠራውንም አስቀድመን እንቍጠር። ከላይ በተናገርሁት መጠን፥ አንድ ሴንቲሜትር ማያያዣ ቢገባበት፥ ለአንድ ሜትር ካሬ ነጠላ ግንብ 57 ገደማ ጡብ ይበቃል። የሚሰበረውን አስበን ጥቂት እንጨምር እንጂ ከዚያ በላይ እንጨት አናቃጥል።

ከእቶኑ የሚወጣው ሁሉ እኩል አይደለም። ለእሳቱ የቀረበው እጅግ ይጠነክራል፤ ከዳር ያለው ይለሰልሳል። ሁሉም በየወገኑ ይለይ እንጂ አይደባለቅ።

የበሰለውን ጡብ ስለ መፈተን

በመጀመሪያ ሁለት ጡብ እርስ በርሳችሁ አጋጩ። የበሰለው እንደ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ያልበሰለው ወይም ውስጡ የተሰነጠቀው ዱብ ይላል። ሁለተኛ በምስማር ጫሩት፤ በቀላሉ ከተፋቀ ለደጅ ሥራ አይሆንም። ሦስተኛ አንዱን ሰብራችሁ ውስጡን ተመልከቱ፤ ቀለሙ እኩል፥ ነጭ ጠጠርም የሌለበት ይሁን።

አራተኛውና ዋነኛው በሚዛን ነው። ደረቁን ጡብ መዝኑት፤ አንድ ቀንና ሌሊት በውሃ ውስጥ አሳድሩት፤ አውጥታችሁ ላዩን ጥረጉና እንደገና መዝኑት። 3 ኪሎ የነበረው ጡብ ከ600 ግራም በላይ ውሃ ከጠጣ፥ ማለት ከ100 እጅ 20 እጅ ካለፈ፥ ደካማ ነውና በዝናም ፊት አታቁሙት። ምንም ያህል ውሃ የማይጠጣ ከሆነ ደግሞ እንደ ብርጭቆ ተቃጥሎአልና ለአሮጌ ግንብ አይስማማም፤ ለቦይና ለወለል ይሁን። በመጨረሻም የራሰውን ጡብ በነፋስ አድርቁት። ነጭ ጨው ካወጣ፥ ያን ጨው ወደ አሮጌው ግንብ እንዳታስገቡ ተዉት።

ስለ ኖራና ስለ ጡብ ዱቄት

መልካም ጡብ በክፉ ማያያዣ ቢሠራ ድካሙ ከንቱ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፥ በ1621 ገደማ፥ ከሕንድ የመጡ ብልኀተኞች የኖራውን ድንጋይ ለይተው እንዳሳዩ በዘመኑ የነበሩ ጸሓፊዎች ጽፈዋል። የአክሱም ግንበኞች ግን ከዚያ ከ1,200 ዓመት በፊት ኖራን ያውቁ ነበር። አስቡ፤ አንድ ጥበብ ተረስቶ እንደ አዲስ ከውጭ አገር ሰው እስክንማረው ድረስ ስንት ትውልድ አለፈ! ዛሬም ብንዘነጋ እንዲሁ ይሆናል።

ደጋችን ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በዓባይ በረሃ ገደል ግን የኖራ ድንጋይ ይገኛል። በዚያው በረሃ ጀሶም ስላለ መለየት ያስፈልጋል። ሎሚ ሲጨመቅበት የኖራው ድንጋይ አረፋ ያወጣል፤ ጀሶው ዝም ይላል። ጀሶ በውሃ የሚሟሟ ስለሆነ ለደጅ ግንብ አይሆንም።

የኖራው ድንጋይ በ900 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል በውስጡ ያለው አየር ወጥቶ 100 ኪሎው ወደ 56 ኪሎ ይወርዳል። ከዚያም በውሃ ይበርዳል፤ በሚበርድበት ጊዜ ግን እጅግ ይፈላልና ሕፃናት ከቶ አይቅረቡ፤ ሠራተኛውም ዓይኑን ይሸፍን። ሁልጊዜ ኖራው ወደ ውሃው ይጨመር እንጂ ውሃው በኖራው ላይ አይፍሰስ። የበረደው ኖራ በጕድጓድ ውሃ ለብሶ ወራት ቢቆይ ይሻላል። አንድ እጅ ኖራ ከሦስት እጅ ንጹሕ አሸዋ ጋር ይደባለቅ። ውሃ በሚበዛበት ቦታ ከአሸዋው አንዱን እጅ ትታችሁ በፈንታው የተፈጨ ጡብ ጨምሩ። በለስላሳ እሳት የተተኰሰ ጡብ ዱቄት ከኖራ ጋር ሲገናኝ በርጥበትም ውስጥ ይጠነክራል፤ ይህን ሮማውያንና ሕንዶች ከጥንት ጀምረው ሠርተውበታል። እንግዲህ ከእቶኑ ዳር የወጣው ያልጠነከረ ጡብ እንኳ አይጣልም።

ኖራ ቀስ ብሎ የሚጠነክር ነው፤ ከነፋሱ አየርን እየሳበ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ ሥራው ውርጩ ካለፈ በኋላ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይሁን፤ የበልጉ ዝናም እንዳያጥበው ይከለል፤ ፀሐይም እንዳያደርቀው በረጠበ ጨርቅ ይሸፈን። ጡቡም ከመገንባቱ በፊት በውሃ ይነከር፤ አለዚያ የኖራውን ውሃ ይጠጣበታል።

የጥገና ሥርዓት

ከጡቡ በፊት የሚቀድሙ ነገሮች አሉ። ጣራው የሚያፈስስ ከሆነ ጣራው ይቅደም፤ አሸንዳው ከተቀደደ አሸንዳው ይቅደም፤ በግንቡ ሥር ውሃ የሚቋት ከሆነ ቦይ ይቆፈር። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ግንቡን ያድነዋል።

ከዚያ በኋላ ግንቡ ይለካ፥ በወረቀት ይሣል፥ ፎቶግራፍም ይነሣ። የፈረሰው ብቻ ይውጣ እንጂ የቆመው አይነካ። የወደቀው ድንጋይ ተቈጥሮ ወደ ቦታው ይመለስ። አዲሱ ጡብ ሳይደርቅ ዓመተ ምሕረቱ ይጻፍበት፤ የኋላ ሰው የአባቱን ሥራ ከእኛ ሥራ እንዲለይ ነው። በአገራችን ሕግም፥ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 በእኛ አቈጣጠር፥ ቅርስን ለመጠገን አስቀድሞ የቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ መቀበል ታዝዞአል። ይህ ለማስቸገር አይደለም፤ እኔ እንደ ተሳሳትሁት ሌላው እንዳይሳሳት ነው። የተናገርሁትም ለቤተ ክርስቲያን ብቻ አይደለም። መስጊዱም፥ የሹማምንቱ አዳራሽም፥ የጥንት ድልድይም ውሃ በአንድ ሥርዓት የሚገባባቸው ናቸው።

ስለ ሸክላ ሠሪዎች

አንድ ነገር ሳልናገር ንግግሬን ብዘጋ ዕዳ ይሆንብኛል። የአፈሩን ጠባይ፥ የእሳቱን ቀለም፥ የድርቀቱን ጊዜ በዚህ አገር ጠንቅቀው የሚያውቁት ሸክላ ሠሪ እናቶቻችን ናቸው። እኛ ግን በእንስራቸው ውሃ እየጠጣን፥ በምጣዳቸው እንጀራ እየጋገርን፥ እነርሱን እንሰድባቸዋለን፤ ከማዕድም እናርቃቸዋለን። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእኛ አቈጣጠር የእጅ ሥራ ሠራተኛን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ስድቡ ግን ከአፋችን ጨርሶ አልጠፋም። ከዚህም የተነሣ ልጆቻቸው የእናታቸውን ጥበብ እየሸሹ ይሄዳሉ። እነዚህ እናቶች አንድ ቀን ካለቁ፥ ግንባችንን የሚጠግን አፈር ከእግራችን በታች ሞልቶ ሳለ የሚያውቀው ሰው አይገኝም።

ስለዚህ ሽማግሌዎች ሆይ፥ የጥገና ጉባኤ በተሰበሰበ ጊዜ ሸክላ ሠሪዋን ጥሩአት፤ ከእናንተ ጋር በወንበር ትቀመጥ፤ ዋጋዋም እንደ ግንበኛው ይከፈላት። ወጣት የተማረ ሰው መጥቶ «የድሮ ነገር ነው» ብሎ ቢያጣድፋችሁም በትዕግሥት ጠይቁት እንጂ ዝም አትበሉ። እኔን ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ እንደገና ቢከራከሩኝ ኖሮ ያ ሥዕል ዛሬ በቦታው በተገኘ ነበር።

መምህራን ሆይ፥ እናንተ ደግሞ በያላችሁበት ትምህርት ቤት ከተማሪዎች ጋር አሥር ጡብ ሥሩ። አፈሩን ፈትኑ፥ ለኩ፥ መዝኑ፥ ውጤቱንም በመዝገብ ጻፉ። ከአሥሩ ስድስቱ ቢሰነጠቁ አትፈሩ፤ ስለ ምን እንደ ተሰነጠቁ የጻፈ ልጅ ካልተሰነጠቁት ይልቅ ብዙ ተምሮአል። በሚቀጥለው ዓመት መዝገቡን ለሚመጣው ክፍል አስረክቡ። እንዲህ ከተደረገ፥ የአንድ መንደር ግንብ በሚታመምበት ቀን መድኀኒቱን ለመፈለግ ሩቅ አንሄድም።

ያ የፈረሰው ማእዘን በኋላ በድንጋይና በኖራ ተመልሶ ተሠርቶአል። በመስኮቱ ላይ ያለውን ቅስት የሠራነው ያቺ አሮጊት አፈሩን በመረጠችልን ጡብ ነው። እርስዋ አሁን በሕይወት የለችም፤ ቅስቱ ግን ብዙ ክረምት አልፎበት ቆሞአል፤ ክረምት በገባ ቍጥር ይጠቁራል፥ በጋ ሲሆን ላቡን አውጥቶ ይደርቃል።

ፈጣሪ ሥራችሁን ይባርክላችሁ።